ከልጄ አማት ጋር ድመት የሆንኩባቸው ቅዳሜዎች

ሰው «ቂመኛ ናት» እያለ ያማኛል። ሐሰት ነው። እኔ ቂም ይዤ አላውቅም፤ ቂሙ ራሱ መጥቶ ነው እኔ ዘንድ የሚያድረው። እንግዳ ደግሞ ከቤቴ አባርሬ አላውቅም።

መቱ ውስጥ የሚያውቀኝ ያውቀኛል፤ የማያውቀኝ ስሜን ባይጠይቀኝ ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን የጨረስኩት በልብስ ስፌት ነው። የግማሹን ከተማ ወገብ ለክቻለሁ። ማን ከሠርጓ በኋላ እንደ ወፈረች፣ ማን በባሏ ነገር እንደ ከሳች ከሜትሬ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ሜትሬ ደግሞ አያወራም። ዛሬ የማወራው ስለ አንዲት ሴት ብቻ ነው። እሷም ጎሬ ስለምትኖር ወሬው ዳገቱን ወጥቶ እስኪደርስላት ትንሽ ጊዜ አለኝ።

ነገሩ የተጀመረው ልጄ ሰናይት ስታረግዝ ነው። የመጀመሪያዋ ነው። ባሏ ዳዊት የመንገድ መሐንዲስ ነው፤ የሰው መንገድ ሲሠራ ይከርምና ወደ ቤቱ የሚወስደውን ይረሳዋል። ስለዚህ ሆዷ ሲገፋ እኔ ዘንድ መጣች፤ እኔም እንደ ደንቡ ቤቴን ለአራስ ማሰናዳት ጀመርኩ። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ከሕገ መንግሥቱ በፊት እንደ ነበር ግን አውቃለሁ።

አንድ ቀን ሰናይት ከሥራ ስትመለስ የተጠቀለለ ሐምራዊ ነገር በብብቷ ይዛ ገባች። የወለል ላስቲክ መሰለኝ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«የዮጋ ምንጣፍ ነው፣ እማዬ።»

«የምን?»

«ዮጋ። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጥ ትምህርት አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ። ትንፋሽ ያስተምራሉ። ምጥ ያቀላል፤ ደግሞ ራስን ያሳድጋል።»

«ትንፋሽ? እስካሁን በምን ስትኖሪ ነበር? ራስን ማሳደጉስ፣ እኔ ያሳደግኩሽ ምኑ ጎደለ?»

ሳቀች። ልጄ ስትስቅ ነገሩ አልቋል ማለት ነው፤ ከእኔ ጋር አትከራከርም፣ ትስቅና የፈለገችውን ታደርጋለች።

ነገሩ ከእምነት ጋር እንዳይጋጭ ብዬ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። «ምን ምን ታደርጋላችሁ?» አሉኝ። «መጎንበስ፣ መነሣት፣ መተንፈስ፣ ከዚያ ዝም ብሎ መጋደም ነው ይላሉ» አልኩ። ጢማቸውን ይዘው አሰቡና «መጋደሙ ነው እንጂ ሌላውን ስቅለት ዕለት ስታደርጊው ነው የኖርሽው» አሉኝ። እውነትም። ብቻ ስቅለት ዕለት ሐምራዊ ምንጣፍ ያነጠፈልን የለም።

እኔ እዚያው ላይ ልተወው ነበር። ግን ሰናይት በማግሥቱ እህል እየለቀምን ሳለ እንዲህ አለችኝ፤

«አሠልጣኛችን ጫልቱ አንድ አጋዥ ይዛችሁ ኑ ብላለች። ማዋለጃ ክፍልም የሚያስገቡት አንድ ሰው ብቻ ነው። የሰለጠነው ሰው ቢገባ ጥሩ ነው።»

«እናትሽ እያለሁ ይሄ ጥያቄ ሊሆን ነው?»

ዝም አለች። ልጄ ዝም ስትል ደግሞ ነገሩ ገና መጀመሩ ነው።

«እትዬ አስካለም ጠይቀውኛል» አለች በመጨረሻ። «እኔ ማንንም መምረጥ አልችልም። ሁለታችሁም ኑ፤ ጫልቱ ታያችሁና ማን እንደሚሻል እሷ ትንገረን።»

አስካለ የዳዊት እናት፣ የልጄ አማት ናት። ፊት ለፊት «እትዬ» እላታለሁ፤ እዚህ ግን እኔና እናንተ ብቻ ስለሆንን አስካለ ትበቃታለች። ጎሬ ተወልዳ፣ ጎሬ አድጋ፣ ጎሬ ያረጀች ሴት ናት። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከጎሬ ወደ መቱ ከወረደ ስንት ዘመኑ! ለአስካለ ግን እስካሁን የነገራት የለም። እኔ ደግሞ በልጅነቴ ከወላጆቼ ጋር ከወሎ በሰፈራ የመጣሁ ነኝ። ሽማግሌ የተላከ ዕለት ለዘመዶቿ ስታስተዋውቀኝ «የሰናይት እናት ናቸው፤ ከሰፈራ ጣቢያ ነው የመጡት» አለች፤ ትናንት ከጭነት መኪና የወረድኩ ይመስል። የዚህ አገር ዝናብ ስንት ክረምት እንደ ወረደብኝ አልጠየቀችም። ስሜንም አልጠየቀችም። ከዚያ ወዲህ ለእሷ «የሰናይት እናት» ነኝ።

ይህ አንዱ ነው። ሌላው ቀሚሱ ነው። ለሠርጉ ብዬ ጥለቱን መርጬ፣ ደረቱን በእጄ ጠልፌ ሰፍቼ ሰጠኋት። በሠርጉ አልለበሰችውም። በኋላ አንድ የገበያ ቀን ቀሚሴን መቱ ገበያ መካከል አገኘሁት፤ የአስካለ የቤት ሠራተኛ ለብሳው ቃሪያ ትመርጣለች። ሐቁን ልናገር፣ ለልጅቷ አምሮባታል። ግን በጥልፌ ላይ የቃሪያ ጆንያ ሲደገፍ ሳይ የተሰማኝን ልብስ ሰፊ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሌላም አለ፤ ሆኖም የያዝኩት ወግ እንጂ ክስ ስላልሆነ ልተወው።

እንግዲህ ይህች ሴት ነች ልጄ ስታምጥ እጇን ይዛ የምትቆመው? እኔ ደጅ ላይ፣ እሷ ውስጥ? ከዚያ ዕድሜ ልኳን «ልጁን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ» እያለች በየክርስትናው ልታወራ? የማላውቀው ዮጋ ውስጥ ለመግባት የቆረጥኩት ለዚህ ነው። ድመት ሁኚ ቢሉኝ ድመት፣ ዝንጀሮ ሁኚ ቢሉኝ ዝንጀሮ ልሆን።

ድመት ሁኚ ነው ያሉኝ።

ትምህርቱ የሚሰጠው በአንድ መዋእለ ሕፃናት ውስጥ ነው። ቅዳሜ ሕፃናቱ ስለማይኖሩ ክፍሉ ለእኛ ይለቀቃል። ግድግዳው በፊደልና በቁቤ፣ በዝሆንና በሙዝ ሥዕል ተሞልቷል፤ ወንበሮቹ ከጉልበቴ በታች ናቸው። አሠልጣኟ ጫልቱ የጎረቤት ከተማችን የሁሩሙ ልጅ ናት፤ ስፖርት ተምራ፣ ዮጋውን አዲስ አበባ ቀስማ የመጣች፣ እንደ መቀነት የቀጠነች ልጅ። ትልልቆቹን ሁሉ «ሃርሜ» ብላ፣ እናቴ ብላ ነው የምትጠራው። በዚህ ትሕትናዋ ምክንያት ነው ያዘዘችኝን ሁሉ ያደረግኩት፤ ሌላ ሰው ቢሆን አልጎነበስለትም ነበር።

ሱሪ ለብሼ ስለማላውቅ ራሴ ሰፍቼ ሄድኩ፤ ሰፊ፣ ኪስ ያለው፣ ጨዋ ሱሪ። በላዩ ቀሚስ፣ በቀሚሱ ላይ ነጠላ። አስካለ ከጎሬ በሚኒባስ መጣች፤ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ፣ የወርቅ ጉትቻ፣ በእጇ ጃንጥላ። ዮጋ ሳይሆን ክርስትና የተጠራች ትመስላለች።

«እንዴት ነዎት፣ የሰናይት እናት? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? ዳዊት ሲያዝንልዎ ነበር።»

«ይመስገን። የእርስዎ ወገብስ፣ እትዬ አስካለ? በዚህ መንገድ በሚኒባስ ተወዝውዞ መምጣት በዕድሜዎ...»

«መንገድ የሚሠራ ልጅ ያላት ሴት መንገድ አያማትም» አለችና ጃንጥላዋን ከዝሆኑ ሥር አቆመች።

ሰናይት መካከላችን ምንጣፏን ዘረጋች። ከጎናችን ዘይነባ ነበረች፤ ገበያ ውስጥ ሳህንና ጆግ የምትሸጥ፣ አራተኛዋን ያረገዘች ነጋዴ። አጋዧ ታናሽ እህቷ ናት። «እኔ እንኳ የመጣሁት ለመተኛት ነው» አለች ገና ሳትጠየቅ። «እቤቴ ጋደም ካልኩ ሦስቱ ይወጡብኛል። እዚህ ተኚ የሚል ሰው አለ አሉኝ፣ መጣሁ።»

ጫልቱ አስቀመጠችንና ዓይን አስጨፈነችን። «በአፍንጫችሁ ሳቡ። አሁን በአፋችሁ አውጡ። ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ ብላችሁ። ያዘናችሁበትን፣ የተቀየማችሁትን ሁሉ ከትንፋሻችሁ ጋር አውጡት። ሰው የሚያድገው ሲለቅ ነው።»

እኔ ይህን አልወደድኩትም። የመቱ ክረምት ስንት ወር እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ቂሜን አውጥቼ ብጥለው በምን ልሞቅ ነው? አስካለ ስንቱን አውጥታ ይሆን ብዬ አንድ ዓይኔን ገለጥኩ። እሷም አንድ ዓይኗን ገልጣ እኔን ታያለች። ሁለታችንም ቶሎ ጨፈንን።

ከዚያ ድመቱ መጣ። በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ጀርባን ማጉበጥ፣ ቀጥሎ ማሰርጎድ። ነፍሰ ጡሮቹ ድመት ሆኑ። አስካለ ጉትቻዋን ይዛ ቆመች።

«እኔ በአራት እግር መሄድ የተውኩት በአንድ ዓመቴ ነው» አለች።

ይህን ስሰማ ወዲያው ተንበረከክኩ። ጉልበቴ «ምነው?» አለኝ፤ ዝም በል አልኩት። አስካለ ከላይ ሆና አየችኝ። «የሰናይት እናት ከቻሉ እኔ ያቅተኛል?» አለችና ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች። ሁለታችን ፊት ለፊት፣ በአራት እግር፣ ጀርባችንን አጉብጠን ተፋጠጥን። ድመት እንዲህ ስትቆም ምን ልታደርግ እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

«ሃርሜ፣ ፈገግ በሉ!» አለች ጫልቱ።

ቀጥሎ ዛፍ ሁኑ ተባልን። ኢሉባቦር ውስጥ፣ በዚህ ሁሉ ደን መካከል ዛፍ ጎድሎ እኛን ይተክሉናል! በአንድ እግሬ ቆሜ ስወዛወዝ የዝሆኑን ሥዕል ያዝኩ፤ ዝሆኑ ከነጃንጥላው አብሮኝ ወረደ። አስካለ ይህን አይታ ስትስቅ እሷም ሚዛኗን አጣችና ከኋላዋ ያለው የሕፃን ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ልትነሣ ስትል ወንበሩም አብሯት ተነሣ።

«አታስቁኝ!» አለች ዘይነባ ምንጣፏ ላይ ሆዷን ይዛ። «ወላሂ እዚሁ እወልዳለሁ!»

ወንበሩን ከአስካለ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ። አላመሰገነችኝም። እኔም አልጎተትኩም አልልም፤ ትንሽ ከሚገባው በላይ ጎትቻለሁ።

ስንወጣ ሰናይት በር ላይ አቆመችን። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ስሙኝ» አለች። «እኔ ፈርቻለሁ። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። እዚህ የመጣሁት ፍርሃቴ እንዲቀልልኝ ነው፤ እናንተን ለማገላገል አይደለም። እንዲህ ከሆናችሁ ማናችሁንም አላስገባም። ብቻዬን እወልዳለሁ።»

ብቻዬን እወልዳለሁ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችንም እንደ ደናግል ጨዋ ሆንን። ግን ጨዋነታችንም ውድድር ነበር። እኔ የልጄን ጀርባ ሳሽ እሷ እግሯን ታሻለች። እሷ ውሃ ስታቀብል እኔ ብርጭቆውን አጥባለሁ። ጫልቱ «ማን ይሻላል?» ስትባል «ሁለቱም ጎበዝ ናቸው» እያለች ታልፋለች። ያች ልጅ ዮጋውን ትታ ፖለቲካ ብትገባ ያዋጣታል።

እንግዲህ ያ ቅዳሜ መጣ። ጫልቱ «ዛሬ ምጡን እንለማመዳለን» አለች። «እናቶቹ ምጥ እንደመጣባቸው ሆነው ይተነፍሳሉ። አጋዦች ወገባቸውን ጫን በሉ፤ ከትንፋሹ ጋር ድምፅ አውጡ፤ ረዘም ያለ ድምፅ። እነሱ እንዳያፍሩ እናንተ ጀምሩላቸው።»

ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ አልነገረችንም። መንገር የሚያስፈልግም አልመሰላት። እኛ ደግሞ ሴት ስታምጥ የምናውቀው ድምፅ አንድ ብቻ ነው። አስካለ በድመቱ አቋቋም እንደ ተንበረከከች፣ ዓይኗን ጨፍና «ማርያም! ማርያም! ማርያም!» ብላ ጀመረች። እኔ ልበለጥ? «ማርያም! ማርያም!» ብዬ በድምፅ ከላይዋ ወጣሁ። ሌሎቹ አጋዦች ተቀበሉን። የዘይነባ እህት «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» አለች። ከኋላ ያሉ አንዲት የገጠር እናት በኦሮምኛ «ማራም! ያ ማራም!» አሉ። ነፍሰ ጡሮቹ ራሳቸው መተንፈሳቸውን ትተው እኛን ያያሉ። ጫልቱ «ሱታ! ሱታ!» ትላለች፤ ማን ይስማት!

የግቢው ዘበኛ ጋሽ ተርፋሳ ጨዋ ሽማግሌ ናቸው። ሴት በምታምጥበት በር ላይ ወንድ አይቆምም። ስለዚህ ገብተው ሳያዩ ወደ መንገድ ሮጡ። «ደፋ! ቶሎ በሉ! ሕፃናቱ ክፍል ውስጥ ሴት ምጥ ይዟታል!» አሉ። የባጃጅ ሹፌሮቹ ጡሩንባቸውን ነፉ። በቆሎ የምትጠብሰው ሴት ማራገቢያዋን እንደያዘች ሮጠች። ከአጥሩ ወዲያ የዕድሩ ዕቃ ቤት ነው፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ቃሬዛው እዚያ ነው የሚቀመጠው። እንደ ዕድል ሆኖ የዕድሩ ሰዎች በዚያው ሰዓት ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሐዘን ሲጠብቁ ልደት መጣላቸውና ደስ ብሏቸው ቃሬዛውን ተሸክመው መጡ።

በሩ ሲበረገድ የሰፈር ሴት በሙሉ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ገባች። አንዷ ቅቤ ይዛለች። አንዷ መስኮቱን ትከፍታለች። «የታሰረ ነገር ሁሉ ይፈታ!» አለች አንዲት ፈርጣማ ሴትዮ፤ የዕድሩ የሴቶች ኃላፊ ናት፤ ገብታ የጫልቱን የፀጉር ማሠሪያ ሳይቀር ፈታች።

«ልምምድ ነው!» አለች ጫልቱ። «ማንም አላማጠም!»

«ማናት?» አለች ኃላፊዋ፤ ልጅቷን አልሰማቻትም። «የቷ ናት ምጥ የያዛት?»

ነፍሰ ጡሮቹ ሁሉ ተረጋግተው ተቀምጠዋል፤ ዘይነባማ ተኝታለች። በመላው ክፍል ውስጥ በእጅና በጉልበቷ ተንበርክካ፣ በላብ ተጠምቃ፣ ዓይኗን ጨፍና «ማርያም! ማርያም!» የምትል ሴት አንድ ብቻ ናት።

«እሷ ናት!»

እንዴት እንዳነሷት አላየሁም፤ ሳይ አስካለ ቃሬዛ ላይ ናት፤ ብርድ ልብስ ለብሳለች፤ አናቷ ላይ ቅቤ አለ።

«እኔ አይደለሁም!» አለች። «ልቀቁኝ! እኔ አይደለሁም!»

«አይዞሽ እናቴ» አለች ኃላፊዋ። «ምጥ ላይ ሁላችንም እንዲሁ ነው ያልነው።»

«አሮጊት ነኝ! ሽበቴን አታዩም?»

ሴቶቹ ሽበቷን አዩ። ለአንድ አፍታ ቆሙ። ከዚያ የበቆሎ ጠባሿ ሁለት እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «እግዚአብሔር ምን ይሳነዋል! እንደ ኤልሳቤጥ!»

«እንደ ኤልሳቤጥ!» አሉና ይዘዋት ወጡ።

ሰናይት እጄን ይዛ «እማዬ፣ አስጥያቸው!» ትለኛለች። ላስጥላቸው እችል ነበር። ኃላፊዋ ደንበኛዬ ናት፤ የልጇን የምረቃ ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ቃል ብናገር ትሰማኛለች። ነገር ግን ነጠላዬን ማስተካከል ነበረብኝ። ጫማዬም የት እንዳለ መፈለግ ነበረብኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ትንሽ ዘገየሁ። የጎሬዋ እመቤት በዕድር ቃሬዛ፣ ቅቤ ተቀብታ፣ በመቱ ዋና መንገድ ላይ፣ ባጃጅ ከፊት ባጃጅ ከኋላ ጡሩንባ እየነፋላት ስትሄድ በር ላይ ቆሜ አየሁ። ያን ያህል ጊዜ ማንም አይነፍገኝም።

ድንገት ከቃሬዛው ላይ ቀና አለችና በሕዝቡ መካከል ፈለገችኝ። ከዚያ በስሜ ጠራችኝ። አዎ፣ በስሜ፤ ከነአባቴ። ለካ ታውቀዋለች!

እንዴት እንደሮጥኩ ጉልበቴ ይመስክር። «አውርዷት!» ብዬ ጮኽኩ። «አማቻችን ናት! የምትወልደው ምራቷ ናት፣ እሷም ገና ወር ይቀራታል!»

አወረዷት። ሕዝቡ ሲገባው የሳቀው ሳቅ ጎሬ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ኃላፊዋ ይቅርታ ጠየቀች፤ የበቆሎ ጠባሿ ግን ተአምሩ ስለቀረባት ተቀይማ ሄደች።

መንገድ ዳር ካለች ሱቅ በር ላይ አስቀመጥኳትና ቅቤውን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩላት። ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። መልሱንም አዘጋጅቻለሁ። እሷ ግን መንገዱን እያየች መናገር ጀመረች።

«ዳዊትን ስወልድ እናቴ ሞታለች» አለች። «የባሌ እናት ቤት ነበርኩ። እኔን አትወደኝም ነበር። በሩን ዘግታብኝ ከጎረቤት ጋር ስታወራ እሰማ ነበር። ያን ቀን ማርያም ማርያም ያለልኝ ሰው የለም። ለራሴ ብቻዬን ነው ያልኩት። ዛሬ ስጀምር... እንዴት እንደ ጮኽኩ አላወቅኩም።»

ይህን ያህል ዓመት በጥንቃቄ ያኖርኩትን ቂም ሰው እንዲህ በአንድ ወሬ ያበላሽብኛል? ከሱቁ ውሃ ገዝቼ ሰጠኋት፤ ያ ብቻ ነው ያደረግኩት። ሚኒባስ ላይ ሳሳፍራትም «ደህና ይግቡ» አልኳት።

ሰናይት ምጥ የያዛት ከወር በኋላ፣ አንድ ሰኞ ጧት ነው፤ እውነተኛው። ዝናቡ እንደ ልማዱ ያወርደዋል። በባጃጅ ሆስፒታል ደረስን። ዳዊት መንገድ ላይ ነበር፤ መንገድ ላይ ያልሆነበት ቀን መቼ ነው! ግን ለእናቱ ደውሎላት ስለነበር እኛ ካርድ አውጥተን ሳንጨርስ አስካለ ከነጃንጥላዋ ደረሰች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው።

ማዋለጃው በር ላይ አዋላጇ አየችንና «አንድ ሰው ብቻ» አለች።

ለዚህች ደቂቃ የሚሆን ንግግር አዘጋጅቼ ነው የከረምኩት። በሆዴ መሸከሜን፣ ጡቴን ማጥባቴን፣ በመርፌ ማስተማሬን፣ የእናት ቤት ደንቡን፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል። አፌን ስከፍት አስካለ አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«ግቢ» አለችኝ። «አንቺ ነሽ እናቷ። እኔ እዚሁ ሆኜ ማርያም እላለሁ።»

እንዲህ ያለ ነገር ይደረጋል? ሰው ለውጊያ ታጥቆ ሲመጣ ጠላቱ በሩን ከፍቶ «ግባ» ካለው ምን ይሆናል? ገባሁ። አሸንፌ ሳይሆን ተሰጥቶኝ ገባሁ።

ልጄ እንደ ተማረችው ትተነፍሳለች፤ በአፍንጫዋ ትስባለች፣ በአፏ ታወጣለች። ሲመጣባት እጄን ትጨምቀዋለች፤ ዕድሜዬን ሙሉ የወጋኝ መርፌ ሁሉ ተደምሮ እንዲህ አላመመኝም። ጀርባዋን አሻለሁ። «ጎበዝ፣ የኔ ልጅ» እላለሁ። አዋላጇም «ጥሩ እየሄደች ነው» ትላለች። ሁሉ ነገር ደህና ነበር፤ ከዚያች ድምፅ በቀር። በበሩ ስንጥቅ «ማርያም፣ ማርያም» የሚል ቀጭን ድምፅ ይገባል። አይጮህም። አያርፍም። ሰዓቱ ሄደ፣ ቀትር አለፈ፤ ያች ሴት ውሃ እንኳ አልጠጣችም።

በደል ቢሆን እችለዋለሁ፤ ስንቱን ችያለሁ። ውለታ ግን አልችልም። ከዛሬ ጀምሮ በክርስትናው፣ በልደቱ፣ በልጁ ሠርግ ላይ ይህች ሴት ምንም ሳትናገር ቁጭ ትላለች፤ እኔም ባየኋት ቁጥር «እሷ ናት ያስገባችኝ» እላለሁ። እንዲህ ሆኖ መኖር ይቻላል?

«ልጄ» አልኩ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ «አማትሽን ላስገባልሽ?»

«ማንም ይግባ፣ እማዬ» አለች በትንፋሿ መካከል። «ብቻ አትጣሉ!»

ግንባሯን ሳምኳት። አዋላጇ «ሊደርስ ነው እኮ! እዚህ ገበያ ነው እንዴ፣ ወጣ ገባ የምትሉት?» እያለች ስትቆጣ የለበስኩትን ጋውን አውልቄ ወጣሁ። አስካለ ስታየኝ ከወንበሩ ብድግ አለች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። ተራሽ ነው» አልኳትና ጋውኑን አጠለቅኩላት፤ ከኋላ አሰርኩላት። «ግራ እጇን ያዥ። ቀኝ እጇ ከኔ ጋር ደክሟል። ቶሎ በይ!»

አንዴ አየችኝና ገባች። በሩ ተዘጋ።

እኔ አልተቀመጥኩም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አግዳሚው ላይ ሌሎች ጠያቂዎች አሉ፤ ማንንም አላየሁም። ምን ያህል ጊዜ እንደ ቆምኩ አላውቅም። ከዚያ አንድ ቀጭን፣ የተቆጣ ለቅሶ ዝናቡን ሰንጥቆ ወጣ።

እልል አልኩ። ከዚያ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ሦስተኛው ላይ ደንገጥ አልኩ። በእኛ ደንብ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው። እኔ ምን እንደተወለደ አላውቅም! በሩ ዝግ ነው። በሦስት ባቆም ወንድ ከሆነ በአያቱ እልልታ ተቆጥቦበት ያድጋል። ስለዚህ ቀጠልኩ። ሰባት ደረስኩ። አሁን ላቁም? እግሬ እንኳ አልታዘዘኝም። ስምንት፣ ዘጠኝ... ከዚያ በኋላ ያለውን አልቆጠርኩም። አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች ተነሥተው ተቀበሉኝ።

በሩ ተከፈተና አስካለ ወጣች። ጋውኑ ተጣሟል፤ ፊቷ በእንባ ታጥቧል።

«ደህና ናቸው፤ ሁለቱም ደህና ናቸው!» አለች። «ሴት ናት! አንቺ ሴትዮ፣ ሴት ናት እኮ! ሦስት ነው፤ አለፍሽ!»

«ሦስት ይበቃታል ያለው ማን ነው?» አልኳት፤ ትንፋሼን ሰብስቤ እንደገና ጀመርኩ።

አስካለም ራሷን ቀና አድርጋ አብራኝ እልል አለች።

ድምፅዋ ከእኔ በለጠ። ይህንንም ይዤባታለሁ።